ከሰባቱ ዘፈኖች አራቱ የነሱ አልነበሩም

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ሌላ ካላልኩ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው።

በ1971 የወጣ አንድ የአሜሪካ አልበም አለ፤ «አት ፊልሞር ኢስት» ይባላል። የሠሩት ኦልማን ብራዘርስ ባንድ የሚባሉ የደቡብ ልጆች ናቸው። መድረክ ላይ ከተቀዱ የሮክ አልበሞች የቱ ይበልጣል የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ይሄ አልበም ሳይጠራ አይቀርም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ2004 ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከመረጣቸው የድምፅ ቅጂዎች አንዱ አድርጎታል።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? አልበሙ ላይ ሰባት ዘፈኖች አሉ፤ ከሰባቱ አራቱ የባንዱ አይደሉም። ሥራው ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ከዳር እስከ ዳር በሌሎች ሰዎች ዘፈን የተሞሉ ናቸው። ማለትም ይሄ ሁሉ የሚወደስለት አልበም ግማሹ ከቨር ነው።

ከቨር ማለት ሌላ ሰው የሠራውን ዘፈን ወስዶ በራስ ድምፅና በራስ አጨዋወት እንደገና መቅዳት ነው። እኛ «የእገሌን ዘፈን በድጋሚ ሠራው» የምንለው። ብዙ ሰው ይሄን የሰነፍ ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ «የራሱ ቢያልቅበት ነው» ይባላል። ታዲያ እነዚህ ልጆች በሰው ዘፈን እንዴት የራሳቸውን ስም ተከሉ? ከዚያ በላይ ደግሞ የሚቆረቁረኝ ሌላ ጥያቄ አለ፦ የዘፈኖቹ ባለቤቶችስ ምን አገኙ?

1. ደቡብ ሲባል

በአሜሪካ ታሪክ ደቡብ የአቅጣጫ ስም ብቻ አይደለም። ጥቁሮች በባርነት ጥጥ የለቀሙበት፣ ባርነትን አልተውም ብሎ በ1861 ጦርነት የገባ፣ ከተሸነፈም በኋላ ጥቁርና ነጭን በሕግ ለያይቶ መቶ ዓመት ገደማ የቆየ ምድር ነው። ብሉዝም ከዚያው ምድር ነው የወጣው። ከጥቁሮች የእርሻ ሥራ፣ ከመንገድ ዳር ጊታር፣ ከቅዳሜ ማታ ጭፈራ።

«ሰዘርን ሮክ» የሚባለው ስልት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጣ ነው። የደቡብ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ነጮች፣ ብሉዝን ከካንትሪና ከሮክ ጋር አዋሕደው የሠሩት። የዚህ ሁሉ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ኦልማን ብራዘርስ ባንድ ነው።

ዱዌንና ግሬግ ኦልማን የአንድ ዓመት ልዩነት ያላቸው ወንድማማቾች ናቸው። የተወለዱት ናሽቪል፣ ቴነሲ ነው። ወታደር የነበረው አባታቸው በ1949 በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ መንገድ ላይ አዝኖ መኪናው ላይ ባሳፈረው ሰው ተገደለ። እናታቸው ብቻዋን ነው ያሳደገቻቸው። ልጆቹ ፍሎሪዳ ውስጥ ሲያድጉ ጆሯቸው የተከፈተው በጥቁሮች ሬዲዮና በጥቁሮች ሸክላ ነው።

ባንዱ የተመሠረተው በማርች 1969 ጃክሰንቪል ከተማ ውስጥ ነው። ዱዌንና ዲኪ ቤትስ ጊታር፣ ግሬግ ኦርጋንና ድምፅ፣ ቤሪ ኦክሊ ቤዝ፣ ቡች ትራክስና ጄይሞ ድራም። ሁለት ጊታር፣ ሁለት ድራም። ጄይሞ ጥቁር ነው። ከዚያ በፊት ከታላቁ የሶል ዘፋኝ ከኦቲስ ሬዲንግ ጋር ይጫወት ነበር። ልብ በሉ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ላይ ከተገደለ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ጥቁርና ነጭ አንድ መኪና ውስጥ ሆነው በጆርጂያ መንገድ ሲያልፉ ሰው ዞር ብሎ የሚያይበት ጊዜ ነበር። ያውም ዞር ብሎ ማየቱ ከቀላሉ ነው።

ሥራ አስኪያጃቸው ፊል ዎልደን ይባላል፤ የኦቲስ ሬዲንግ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሰው። ሬዲንግ በ1967 መጨረሻ በ26 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ዎልደን ያለ ኮከብ ቀረ። ኦልማኖቹን ሜከን፣ ጆርጂያ ወሰዳቸው። ሜከን ኦቲስ ሬዲንግም ሊትል ሪቻርድም ያደጉባት ከተማ ናት። እዚያ ሲገቡ ኪሳቸው ባዶ ነበር። ሉዊዝ ሃድሰን የሚባሉ ጥቁር እናት ከሸሪካቸው ጋር የከፈቱት ምግብ ቤት ነበራቸው። እነዚህን ጸጉራቸው የረዘመ የተራቡ ልጆች በዱቤ አበሏቸው። ልጆቹም ሲያልፍላቸው አልረሷቸውም፤ በ1972 «ማማ ሉዊዝ» ብለው ለሙዚቃ ጉዞ ይዘዋቸው ሄደዋል።

ይሄን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘፈኑንም ምግቡንም የሰጣቸው ያው ሕዝብ ነው።

2. የመጀመሪያው ዘፈን፣ ከአንድ ዓይነ ስውር

አልበሙ የሚከፈተው «ስቴትስቦሮ ብሉዝ» በተባለ ዘፈን ነው። ስቴትስቦሮ የጆርጂያ ከተማ ናት። ዘፈኑን በ1928 አትላንታ ላይ የቀዳው ብላይንድ ዊሊ ማክቴል የሚባል ዓይነ ስውር ጥቁር ሰው ነው። ባለ 12 ክር ጊታር ይዞ መንገድ ላይ፣ ግብዣ ላይ፣ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ሲጫወት የኖረ። ሸክላ ቢያስቀርጽም ሀብታም አላደረገውም። በ1959 ጆርጂያ ውስጥ ሚሌጅቪል ከተማ ሞተ።

የታሪክ አጋጣሚ እዩልኝ። ማክቴል በሞተበት በዚያው በ1959 ሳሙኤል ቻርተርስ የሚባል ተመራማሪ የድሮ የገጠር ብሉዝ ቅጂዎችን ሰብስቦ በአንድ ሸክላ አወጣ። ከነዚያ መካከል «ስቴትስቦሮ ብሉዝ» አለበት። ዘፈኑ ሊነሳ ሲል ሰውየው ወደቀ ማለት ነው።

ከዚያ በ1968 ታጅ ማሃል የሚባል ወጣት ጥቁር ሙዚቀኛ ዘፈኑን በኤሌክትሪክ ጊታር እንደገና ሠራው። ጊታሩን የተጫወተለት ጄሲ ኤድ ዴቪስ የተባለ የኦክላሆማ ልጅ፣ የጥንት አሜሪካውያን ነገድ ተወላጅ ነው። ዱዌን ኦልማን ይሄን ሲሰማ አበደ። በዚያ ሰሞን ታሞ ተኝቶ ነበር። ወንድሙ ግሬግ ለልደቱ ሁለት ነገር አመጣለት፦ የታጅ ማሃልን ሸክላና የጉንፋን ክኒን ያለባት ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ። ዱዌን ክኒኖቹን ደፋና ጠርሙሷን ጣቱ ላይ አጠለቃት፤ የጊታሩን ክር በሷ እያንሸራተተ መለማመድ ጀመረ። ይሄ አጨዋወት ስላይድ ይባላል። ክሩ በጣት ሲጫን የማይሰጠውን፣ እንደ ሰው ድምፅ የሚያለቅስ ዜማ ያወጣል። ከሦስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ያቺ የመድኃኒት ጠርሙስ በሮክ ታሪክ ስመ ጥር ከሆኑ መሣሪያዎች አንዷ ሆነች።

ሰንሰለቱን ቁጠሩት። የጆርጂያ ዓይነ ስውር፣ ከዚያ ሸክላ የሚሰበስብ ተመራማሪ፣ ከዚያ ታጅ ማሃልና ጄሲ ኤድ ዴቪስ፣ ከዚያ የፍሎሪዳ ልጅ ከነጠርሙሱ። ሜከን ከተማ ማክቴል ከሞተባት ከሚሌጅቪል ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትርቀው። ዘፈኑ ግን እዚያች ቅርብ ቦታ ለመድረስ አገሩን ሁሉ ዞሮ ነው የመጣው። ጎረቤት ለጎረቤት የደረሰው በዙሪያ ጥምጥም ነው። ለምን ቢባል፣ ደቡብ ውስጥ የነጭና የጥቁር ሰፈር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ብቻ አልነበረም የሚራራቀው።

3. «የመጀመሪያው ባለቤት» የሚባለውም ቀላል አይደለም

ሁለተኛው ዘፈን የኤልሞር ጄምስ ነው። የሚሲሲፒ ሰው፣ በስላይድ ጊታር አጨዋወት የኋለኞቹ ሁሉ አባት የሚሉት። በ1963 በልብ ድካም ሲሞት ዕድሜው 45 ነበር። የነጭ ወጣቶች ስሙን በየመድረኩ ሲጠሩለት እሱ የለም።

አራተኛው «ዩ ዶንት ላቭ ሚ» ይባላል። ዊሊ ኮብስ የተባለ የአርካንሶ ሰው በ1960 ያወጣው ነው። ነገር ግን የኮብስ ዘፈን ራሱ ቦ ዲድሊ በ1955 ካወጣው ሌላ ዘፈን ጋር በጣም ይቀራረባል። ይሄው ዘፈን ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ጃማይካ ገባ። ዶን ፔን የምትባል ዘፋኝ በሬጌ ሠራችው፤ በ1990ዎቹ በድጋሚ ስታወጣው ዓለም ሁሉ ጨፈረበት። ዛሬ ያንን ሬጌ የሚያውቅ ሰው ስለ ዊሊ ኮብስ ብትጠይቁት ትከሻውን ይነቀንቃል።

ስለዚህ «ሰረቁ» ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ ግን ብሉዝ የሚሠራው እንደዚያ አይደለም። ብሉዝ ላይ ስንኝ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ይዞራል፣ ዜማ ይወራረሳል፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። የኛም እንጉርጉሮ፣ የኛም ፉከራና ቀረርቶ እኮ እንዲሁ ነው። ቀረርቶ የማን ነው ብሎ ፍርድ ቤት የሄደ የለም። ችግሩ መዋረሱ ላይ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው የሚዟዟረው ነገር ሸክላ ሆኖ በገንዘብ ሲሸጥና አንድ ወረቀት ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ ሲጻፍ ነው።

ኦልማኖቹ ይሄን ዘፈን መድረክ ላይ ከ19 ደቂቃ በላይ ዘረጉት። አንድ የሸክላ ገጽ ሙሉ እሱ ብቻ ነው። መሐል ላይ ባንዱ ዝም ይልና ዱዌን ብቻውን ይቀራል። ኒው ዮርክ፣ ማርች 1971፣ የቢል ግራሃም ቲያትር ውስጥ ያለው ሕዝብ ትንፋሹን ይዞ ሲያዳምጥ ይሰማል። ኮብስ ያወጣው የጥቂት ደቂቃ የዳንስ ዘፈን ነበር። ከቨር ሲሠራ መቅዳት ብቻ አይደለም የምላችሁ ለዚህ ነው። ዘፈኑን ተበድረው አዲስ ክፍል ሠርተውለት ነው የመለሱት።

4. የአንድ ቃል ስህተት ስንት ያስከፍላል?

ሦስተኛውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ዘፈኑ የቲ-ቦን ዎከር ነው፤ የቴክሳስ ሰው፣ ብሉዝን በኤሌክትሪክ ጊታር መጫወት ካስተማሩት ዋነኛው። በ1947 ያወጣው ዘፈን ርዕሱ ረጅም ነው፤ ሰኞ እንደ ማዕበል የከፋ ቢባልም ማክሰኞም አይሻልም የሚል ዓይነት። ሰው አሳጥሮ «ስቶርሚ መንዴይ» ይለዋል።

ከሱ በፊት ግን በ1942 «ስቶርሚ መንዴይ ብሉዝ» የሚባል ፍጹም ሌላ ዘፈን ወጥቶ ነበር። ደራሲዎቹም ሌሎች ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦቢ ብሉ ብላንድ የዎከርን ዘፈን በሚያምር አጨዋወት እንደገና ሠራው። ሸክላው ላይ ግን ርዕሱ «ስቶርሚ መንዴይ ብሉዝ» ተብሎ ታተመ። በቃ፣ ያቺ አንዲት ቃል ስትጨመር ዘፈኑ በወረቀት ላይ የ1942ቱ ደራሲዎች ሆነ። ለዎከር መግባት የነበረበት ገንዘብ ወደ ሌላ ኪስ ሄደ። ብላንድ የዘፈነው የዎከርን ነው፣ ሰሚው የሚሰማው የዎከርን ነው፣ ክፍያው ግን የሌላ።

ኦልማኖቹ መድረክ ላይ የተከተሉት የብላንድን አጨዋወት ነው። ዎከር ያን ጊዜ በሕይወት ነበር፤ የሞተው በ1975 ነው።

አሁን ስለ ክፍያው ላስረዳ፤ ይሄን ሳናውቅ ስለ ከቨር ማውራት አይቻልም። በ1909 አሜሪካ አዲስ የቅጂ መብት ሕግ አወጣች። በጊዜው የነበረው ጭንቀት በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ነበር፤ የተበሳ የወረቀት ጥቅል ታስገባበታለህ፣ ዜማውን ያወጣዋል። አንድ ኩባንያ ዘፈኖቹን ሁሉ ገዝቶ ብቻውን እንዳይዝ ተፈራና ሕጉ እንዲህ አለ፦ አንድ ዘፈን በባለቤቱ ፈቃድ አንዴ ከተቀዳ በኋላ ማንም ሰው ባለቤቱን ሳይለምን እንደገና ሊቀዳው ይችላል፤ ብቻ ለእያንዳንዱ ቅጂ 2 ሳንቲም ይክፈል። ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም! ያቺ 2 ሳንቲም እስከ 1978 ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ዳቦ ሲወደድ፣ ቤት ሲወደድ፣ ሸክላ ራሱ ሲወደድ፣ እሷ እዚያው ናት። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ይሁን 19 ደቂቃ ልዩነት የለውም።

እስቲ እናስላው። 100,000 ቅጂ ቢሸጥ 2,000 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ አሳታሚው ብዙ ጊዜ ግማሹን ይወስዳል። የቀረው 1,000 ዶላር የሚሄደው ዘፋኙ ጋ ሳይሆን «ደራሲ» ተብሎ ስሙ የተጻፈው ሰው ጋ ነው። በአሜሪካ ሬዲዮም ዘፈን ሲተላለፍ የሚከፈለው ለደራሲው እንጂ ለዘፋኙ አይደለም። እንግዲህ ሸክላው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈችው ስም ማለት ለጥቁር ብሉዝ ተጫዋች ጡረታው፣ የቤት ኪራዩ፣ የሕክምና ገንዘቡ ነበረች። ስሟ ከተሳሳተች ወይም ከጠፋች ሁሉም ጠፋ።

5. ስም የጠሩና ያልጠሩ

ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1954 ሜምፊስ ላይ ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ከቨር ነው፤ የአርተር ክሩደፕ ዘፈን። ኤልቪስ የዓለም ንጉሥ ሲባል ክሩደፕ እርሻ ላይ ይለፋ ነበር። በ1974 ሲሞት የሚገባውን ገንዘብ አላገኘም። ስሙ ሸክላው ላይ ነበር፤ ግን በስሙና በገንዘቡ መሐል ሥራ አስኪያጅና አሳታሚ ቆመው ነበር።

የእንግሊዙ ሌድ ዘፔሊን ደግሞ በ1969 ባወጣው በጣም ታዋቂ ዘፈኑ ላይ፣ ዊሊ ዲክሰን ጽፎት ማዲ ዋተርስ ከዘፈነው ሥራ ቃላት ወስዶ የዲክሰንን ስም ሳይጽፍ ቀረ። ዲክሰን በ1985 ከሰሰ፤ በ1987 ተስማሙ፤ ስሙም ገባ። ዲክሰን በዚያ ዝም አላለም፤ እንደሱ መብታቸውን ላጡ የብሉዝ ሰዎች የሚቆም ድርጅት አቋቋመ።

ኦልማኖቹ በ1970 የዲክሰንን ሌላ ዘፈን ሲሠሩ የጸሐፊው ስም ዲክሰን ተብሎ ወጥቷል። ይሄን የምጽፈው ቅዱስ ላደርጋቸው አይደለም። ስም ጽፈህም ገንዘቡ በመሐል ሊቀልጥ እንደሚችል ከላይ አይተናል። ግን ስም መጻፍ የሁሉ ነገር መጀመሪያ ነው። ስሙ ከሌለ የሚከስም፣ የሚጠይቅም፣ የሚወርስም የለም።

ለፍትሕ ሲባል የተገላቢጦሹንም ልንገራችሁ። በ1968 ዱዌን በአላባማ፣ መስል ሾልስ፣ ፌም በሚባል ስቱዲዮ ተቀጣሪ ጊታር ተጫዋች ነበር። ጥቁሩ የሶል ዘፋኝ ዊልሰን ፒኬት ሊቀዳ መጣ። «የቢትልስን አዲሱን ዘፈን ብንሠራውስ?» ያለው ዱዌን ነው ይባላል። ያ የነጭ እንግሊዛውያን ዘፈን ገና ገበያ ላይ ትኩስ ነው። ፒኬት መጀመሪያ አልተዋጠለትም፤ በኋላ ግን ሠሩት። መጨረሻው ላይ የፒኬት ጩኸትና የዱዌን ጊታር እየተጠያየቁ ይሄዳሉ። ስለዚህ መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነበር። ዜማው በሁለቱም በኩል ይሄዳል፤ ገንዘቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ነበር የሚሄደው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ከነሱ በኋላ የመጡት የደቡብ ባንዶችም በከቨር ነው ያደጉት። ሊነርድ ስኪነርድ በ1976 አትላንታ ላይ በቀዱት የመድረክ አልበም የጥቁሩን የሮበርት ጆንሰንንም የነጩን የካንትሪ ዘፋኝ የጂሚ ሮጀርስንም ዘፈን ተጫውተዋል። የጆርጂያዎቹ ብላክ ክሮውስ በ1990 ስማቸው ከተጠራባቸው ዘፈኖች አንዱ የኦቲስ ሬዲንግ ነው። ሞሊ ሃቸት ደግሞ በ1978 የኦልማኖቹን ዘፈን ሠርተው ተነሱ፤ በ2008 ሙሉ የከቨር አልበም አወጡ። ተበዳሪዎቹ በተራቸው አበዳሪ ሆኑ ማለት ነው።

6. የመጨረሻው አልበም

ዱዌን «አት ፊልሞር ኢስት» ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኦክቶበር 1971 ሜከን ውስጥ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ቤሪ ኦክሊም እዚያው አጠገብ፣ በሞተር ሳይክል፣ በ24 ዓመቱ ሞተ። ሁለቱ ሜከን ሮዝ ሂል መቃብር ጎን ለጎን ናቸው።

ግሬግ ግን ረጅም ኖረ። በመጠጥም በአደንዛዥ ዕፅም አለፈ፣ በ2010 ጉበት ተቀየረለት፤ በኋላ ካንሰር ያዘው። ጊዜው ማለቁን ሲያውቅ በማርች 2016 ባንዱን ይዞ የመጨረሻ አልበሙን ሊቀዳ ሄደ። የት ሄደ መሰላችሁ? መስል ሾልስ፣ ፌም ስቱዲዮ። ወንድሙ በወጣትነቱ የሠራበት ያው ቤት።

ምን ቀዳ? የሰው ዘፈን። አልበሙ ላይ ካሉት አሥር ዘፈኖች እሱ ራሱ ከጻፈው ሰው ጋር እጁ ያለበት አንዱ ብቻ ነው። የቦብ ዲላን አለ፣ የዊሊ ዲክሰን አለ፣ የቲም በክሊ አለ። መዝጊያው ጃክሰን ብራውን ስለሞተ ጓደኛው የጻፈው ዘፈን ነው። ግሬግ ሲዘፍነው ወንድሙ ትዝ አለውና ድምፁ ተያዘ፤ የመጨረሻዎቹን ስንኞች መጨረስ አልቻለም። እንደዚያው ተዉት። አልበሙ ላይ ቦታው ባዶ ነው። ግሬግ በሜይ 2017 ሞተ፤ «ሰዘርን ብለድ» የተባለው አልበም የወጣው በሴፕቴምበር ነው።

አሁን ንገሩኝ፤ ይሄ የሰነፍ ሥራ ነው? የራሱ ያለቀበት ሰው ነው? በሕይወቱ መጨረሻ ሰው የሚናገረው የራሱን ቃል ብቻ አይደለም። ቅዳሴ እኮ የራሳችን ድርሰት አይደለም፤ ለቅሶ ላይ የሚወርደው ሙሾም አብዛኛው የተወረሰ ነው። ሰው ሌላው ያዘጋጀለትን ቃል ሲይዝ የራሱን ሐዘን ይከትበታል። ግሬግ የጨረሰውም የጀመረውም በዚህ ነው።

7. ወደ ቤታችን

ይሄ ሁሉ ለኛ ምን ያደርግልናል ለምትሉኝ፦ ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ሲባል ነው የኖረው። ኤልቪስ የክሩደፕን ሸክላ ይዞ ተነሳ፣ የአዲስ አበባው ወጣት ደግሞ ኤልቪስን እያየ ተነሳ፤ ከዚያ የራሱን ሠራ። ሰንሰለቱ እኛም ጓሮ ደርሷል። በ2006 ደግሞ የሆላንዶቹ ዘ ኤክስ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞአ አንበሳ» የሚል አልበም አወጡ። እነዚያ ሮከሮች የጌታቸውን ሥራ ወስደው ብቻቸውን አልቀዱም፤ ባለቤቱን ራሱን ፊት አቁመው ከኋላው ተጫወቱ። ከቨር ማለት ሲያምር እንዲህ ነው።

እኛ ዘንድ ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲውን ኢኮኖሚያዊ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ግን ልማዳችንን እዩት። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የድሮ ዘፈን አንስቼ «የማን ነው?» ስላቸው የሚነግሩኝ መጨረሻ ላይ የሠራውን ልጅ ስም ነው። የመጀመሪያውን ዘፋኝ የሚያውቁ ጥቂት ናቸው። ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ደረሰው፣ ማን አቀናበረው ስል ክፍሉ ጸጥ ይላል። በልጆቹ አልፈርድም። የሚያዩት ቪዲዮ ሥር አልተጻፈላቸውም። በየመሸታ ቤቱና በየስልኩ የሚዘፈነው ዘፈን ደራሲው ግን በሕይወት ያለ፣ ምናልባት ታሞ ገንዘብ የሚሰበሰብለት ሰው ሊሆን ይችላል። ሲታመም «የአገር ባለውለታ» እንለዋለን፤ ስሙን መጻፍ ግን ቀድሞ ይቻል ነበር።

የድሮ ዘፈን በድጋሚ መሥራትን የምትቃወሙ ወዳጆቼ፣ እኔ አልቃወምም። ማክቴልን ያተረፈው ከቨር ነው፤ እኔም የማክቴልን ስም ያገኘሁት በኦልማኖቹ በኩል ነው። የማይሠራ ዘፈን ይሞታል። የምቃወመው ስም መዋጥን ነው። ቲ-ቦን ዎከር በአንዲት ትርፍ ቃል ምክንያት ገንዘቡን ካጣ፣ ስሙ ጨርሶ ያልተጻፈለት ሰው ምን ያህል እንደሚያጣ አስቡት።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ከዛሬ ጀምሮ የድሮ ዘፈን ስትለጥፉ ሥሩ ሦስት ስም ጻፉ፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። የማታውቁት ከሆነ ጠይቁ፤ የሚያውቅ ሽማግሌ በየሰፈሩ አለ፣ ገና በሕይወት ሳለ ጠይቁት። እስቲ ከዚሁ እንጀምር፤ እያንዳንዳችሁ የምትወዱትን አንድ በድጋሚ የተሠራ ዘፈን ከነመጀመሪያ ባለቤቱ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። ሰብስቤ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

መልካም ሰንበት።